ሳያዩ የከፈሉት 336,000 ሰዎች እና የቮልስ ሞተር

ታሪኩ የሚጀምረው ከቴምብር ነው። ከኦገስት 1938 ጀምሮ (ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ ጀርመናዊ ሠራተኛ መኪና ሲያምረው የሚሄደው ወደ መኪና መሸጫ አልነበረም። የቁጠባ ደብተር ያወጣል፤ በየሳምንቱ ቢያንስ 5 ማርክ ከፍሎ ቴምብር ይገዛል፤ ቴምብሩን ደብተሩ ላይ ይለጥፋል። 990 ማርክ ሲሞላለት መኪናውን ይረከባል ተባለ። መኪናውን ነድቶት አያውቅም፣ ሞተሩ ሲነሳም አልሰማም። ግን የናዚ መንግሥት ለሕዝብ የተሠራ መኪና ነው ብሎ ቃል ገብቶለታልና አመነ፤ ከፈለ።

ወደ 336,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ መንገድ ቆጠቡ። ከእነሱ ውስጥ በቁጠባው መኪና የተረከበ አንድም ሰው የለም። በ1939 ጦርነቱ ተነሳ፣ ፋብሪካው ወደ ወታደራዊ መኪና ዞረ፣ ገንዘቡም ከጦርነቱ ጋር ቀለጠ። ቆጣቢዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው በ1961 በስምምነት ጨረሱ፦ ሙሉውን ለከፈለ ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ እስከ 600 የጀርመን ማርክ ቅናሽ፣ መኪና አልፈልግም ካለ ደግሞ 100 ማርክ በእጁ።

ያ መኪና ዛሬ እኛ ቮልስ የምንለው ነው። ስሙ ራሱ "የሕዝብ መኪና" ማለት ነው።

እኔ ኑሮዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ፣ እንጀራዬ ኮድ። ግን ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት በእኔ ዕድሜ ያሉ ጓደኞቼ አንድ በአንድ "ቮልስ ልገዛ ነው" ማለት ጀምረዋል። ፎቶ ይልኩልኛል። ቀለሙ፣ ክሮሙ፣ የመቀመጫው ቆዳ፣ ሁሉም አለ። የሞተሩ ፎቶ የለም። ሞተሩስ ስላቸው መልሱ አንድ ነው፦ "ባለቤቱ ገና አልተፈታም ብሎኛል።" እኔ ደግሞ ወዲያው ትዝ የሚሉኝ እነዚያ ባለ ቴምብሮቹ ናቸው። የዚህ መኪና የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ያጡት መመርመርን ነው። የሚመረምሩት ነገር ራሱ አልነበረም። እኛ ግን አለን፤ ከኋላ ክዳኑን ከፍተን የምናየው ሞተር አለ። ያን ሞተር በደንብ ለማየት ደግሞ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የቮልስ ሞተር ደካማ ጎኖች በሙሉ ማለት ይቻላል በ1930ዎቹ ከተወሰኑ ውሳኔዎች የመጡ ናቸው።

ውሃ የሌለው ሞተር

ፈርዲናንድ ፖርሽ ውሉን የፈረመው በጁን 1934 ነው። የታዘዘው መኪና ሰፊውን የጀርመን መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሳያርፍ የሚጓዝ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር አካባቢ ቤንዚን የሚበላ፣ ቤተሰብ የሚይዝ፣ ዋጋውም ከ1,000 ማርክ በታች የሆነ ነበር። አንድ ሌላ ነገርም ነበር፦ ሞተሩ በአየር እንዲቀዘቅዝ። በጊዜው ተራ ሠራተኛ የመኪና ማቆሚያ ቤት የለውም፤ መኪናው ውጭ ያድራል፤ በጀርመን ክረምት ደግሞ ራዲያተር ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ይሆናል፣ ሞተሩን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ውሃ የሌለው ሞተር።

የፖርሽ ባልደረባ ፍራንዝ ክሳቨር ራይምሽፒስ ያወጣው ንድፍ ቀላል ነው፦ አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙ፣ ከላያቸው በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ፣ በማራገቢያው ቤት ውስጥ ደግሞ ዘይቱን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ማቀዝቀዣ። የሞተሩ አካል ክብደት እንዳይኖረው ከማግኒዥየም ቅይጥ ተቀረጸ። አየር የሚስብበት መንገድም ሆን ተብሎ ጠበብ ተደረገ፤ ሞተሩ ብዙ ዙር መዞር ቢፈልግም አይችልም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ጉልበት ቢነዱት ራሱን አይሰብርም።

ደግሞም ተፈትኗል። በ1936 መጨረሻ ሦስት የሙከራ መኪኖች እያንዳንዳቸው 50,000 ኪሎ ሜትር ተነዱ። ክራንክ ሻፍታቸው ተሰበረ፤ በቀረጻ የተሠራው ወጥቶ በቅጥቀጣ በተሠራ ተተካ። በ1937 ደግሞ 30 መኪኖች በድምሩ ከ2.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ። ይህ ነገር ይገርመኛል። መሐንዲሶቹ መኪናውን ያን ያህል ሲፈትኑት፣ ገዢው ግን ቴምብር እንዲልስ ብቻ ተፈቀደለት። ፈተናው ለሠሪው ነበር፤ ለገዢው እምነት ብቻ።

በጦርነቱ ጊዜ የሆነውን ማለፍ አይቻልም። ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ የጦር እስረኞችና ከማጎሪያ ካምፕ የመጡትን ጨምሮ፣ በዚያ ፋብሪካ በግዳጅ ሠርተዋል። የቮልስ ክብ ፊት ሲያስፈግገን ይህም አብሮ መታወቅ አለበት።

በ1945 ፋብሪካው በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። አይቫን ኸርስት የሚባል ሜጀር ፍርስራሹ ውስጥ ገብቶ የማምረቻ መሣሪያው አብዛኛው ደህና መሆኑን አየ፤ ጦሩ 20,000 መኪና እንዲያዝም አደረገ። የእንግሊዝ የመኪና ኢንዱስትሪ ሰዎች ደግሞ አይተው ናቁት፤ ለገበያ አይሆንም አሉ። ሁለቱም መርማሪዎች ነበሩ። አንዱ የሚሠራውን አየ፣ ሌላው የማያምረውን። ከ1948 ጀምሮ ፋብሪካውን የመራው ሃይንሪኽ ኖርድሆፍ መኪናውን ለመቀየር ሳይሆን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ለማሻሻልና መለዋወጫው በየሄደበት እንዲገኝ ለማድረግ ደከመ። በፌብሩዋሪ 1972 ቮልስ የፎርድን ሞዴል ቲ የምርት ክብረ ወሰን ሰበረ።

ወደ እኛ ሲመጣ

እኛም አገር ገባ። የአስተማሪ፣ የሐኪም፣ የመንግሥት ሠራተኛ መኪና ሆነ። በታሪካችን ውስጥ ግን ከሁሉ በላይ የተቀረጸው አንድ ቀን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ መኮንኖች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያወጧቸው ያሳፈሯቸው በቮልስ ነበር። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያለው፤ ወደ ኋላ ወንበር ለመግባት የፊቱ ታጥፎ ጎንበስ ማለት ግድ ነው። የሕዝብ መኪና ተብሎ የተሠራ መኪና፣ ንጉሠ ነገሥት ጎንበስ ብሎ የወጣበት መኪና ሆነ። በዚያው ዓመት፣ ከዚያ ቀን ሁለት ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፣ ዋናው የቮልፍስቡርግ ፋብሪካ ቮልስ መሥራቱን አቁሞ ነበር። ሌሎች ፋብሪካዎች ቀጠሉ፤ የመጨረሻው የወጣው ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ፣ ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው። ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ አዲስ የለም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ ቮልስ ሁሉ እዚሁ የኖረ፣ እዚሁ የተሰበረ፣ እዚሁ የተጠገነ ነው። ሃምሳ ስድሳ ዓመት የብዙ ሰው እጅ ነክቶታል። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር እናውቃለን፤ አስር ሰው በየተራ የጻፈው፣ ማንም ማስታወሻ ያልተወበት አሮጌ ኮድ። እንዲህ ያለውን ኮድ "ይሠራል" ስላሉህ አትቀበለውም፤ ከፍተህ ታነባለህ።

ሲፈተሽ

ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ የ1300 ሞተር ያለው የ60ዎቹ ቮልስ ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ዕድሜውን በቮልስ ላይ የጨረሰ መካኒክም ይዘን ነበር፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ያን ቀን ያየሁትን በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሞተሩን ማስነሳት አልነበረም። መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። "ይሄ ሞቋል። ይቀዝቀዝ፣ እስከዚያ ቡና እንጠጣ" አለ። ሻጩ ደስ አላለውም። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፦ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያወጣውን ድምፅና ጭስ፣ የሞቀ ሞተር ይደብቀዋል። የምትገዙትን መኪና አስቀድማችሁ "እንዳታስነሳው" በሉ። ተነስቶ ካገኛችሁት ጠብቁ።

ከቡናው መልስ ቁጥሩን አየን። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ሥር፣ በሞተሩ አካል ላይ ተመትቷል፤ የሻንሲው ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ከ60ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሞተሩ ቁጥር ፊት ያለው ፊደል ዓይነቱን ይናገራል፦ ዲ ከሆነ ባለ 34 ፈረስ ጉልበቱ 1200፣ ኤፍ ከሆነ ባለ 40ው 1300፣ ኤች ከሆነ ባለ 44ቱ 1500 ነው። ሊብሬው አንድ፣ ሞተሩ ሌላ ከሆነ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። መቀየሩ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ግን "አልተፈታም" የሚለው ቃል እዚያው ላይ አለቀ። የወረቀቱ ጣጣ ደግሞ የእናንተ ይሆናል።

ሦስተኛው ላሜራው ነው። ብዙ ሰው ሞተሩን የከበቡትን ቆርቆሮዎች ጌጥ ይመስሉታል። አይደሉም። ውሃ የሌለው ሞተር ራዲያተሩ እነሱ ናቸው፤ ማራገቢያው የሚገፋውን አየር በሲሊንደሮቹ ላይ የሚመሩት እነሱ ናቸው። ዙሪያውን ያለው ጎማ ደግሞ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ ያግዳል። በስልሳ ዓመት ውስጥ አንዱ ላሜራ ሲፈታ "ይሄ አያስፈልግም" ተብሎ የተጣለበት ሞተር ብዙ ነው። ላሜራው የጎደለ ሞተር ለምን ያህል ጊዜ በሙቀት እንደተቀቀለ ማንም አይነግራችሁም። ቺንጋውንም እዩ። ማራገቢያው ከዲናሞው ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ቺንጋ ሲበጠስ የዲናሞ መብራት ይበራል፤ ያን ጊዜ ቁም ማለት ነው፣ ቤቴ ቅርብ ነው አይባልም።

ቀጥሎ ጋሼ ከሥር ያለውን የክራንክ ሻፍት ፑሊ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ሳበ፣ ገፋ። ይህ ነጻ ነው፣ መሣሪያ አይፈልግም፣ ሙሉ ታሪክ ይናገራል። ክራንክ ሻፍቱ ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀስበት ልክ ከ0.15 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም፤ ከአንድ ወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። በእጅ ሲገፉት ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው ወይም የተቀመጠበት የማግኒዥየም አካል ተበልቷል። የቀለለው ብረት ዋጋ እዚህ ጋ ነው የሚከፈለው፤ ማግኒዥየም ሲቀቀል ቅርፁን ይለቃል። ይህ ከተበላ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። የእኛው ዝም አለ። ጋሼም ፈገግ አለ።

ከዚያ ተነሳ። ሲነሳ ለአፍታ ሰማያዊ ጭስ ብቅ ቢል አትደንግጡ፤ ሲሊንደሮቹ የተኙ ስለሆኑ መኪናው ቆሞ ሲያድር ትንሽ ዘይት ሾልኮ ይገባል። ከሞቀ በኋላም የማይተው ሰማያዊ ጭስ ግን ፋሻው ወይም የቫልቩ መምሪያ ማለቁን ነው የሚናገረው። ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ቢመስል እንደ ሌላው መኪና "ውሃ ገብቶበታል" አትበሉ። ምን ውሃ አለውና? አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪና ውስጥ የሚጠራቀም ጤዛ ነው። ዘይቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካያችሁ ግን ደህና ሁኑ ብላችሁ ውጡ። ይህ ሞተር የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ወንፊት ብቻ ነው ያለው፤ 2.5 ሊትር ዘይት ሁሉንም ይሸከማል፣ ያቀባል፣ ያቀዘቅዛል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ያልተቀየረለት ሞተር ያስታውቃል። ዳገት ነድታችሁ ስትመለሱ፣ ሞተሩ ሞቆ በቆመበት ሲዞር የዘይት መብራቱ ብልጭ ብልጭ ካለ ግፊቱ ወርዷል።

የከፍታው ነገር

አሁን ልቤን የነካው ጉዳይ። ጋሼ አራቱን ካንዴላ ፈታ፤ የኮምፕሬሽን መለኪያውን በየተራ ሰካ። አንደኛው 95፣ ሁለተኛው 92፣ ሦስተኛው 60፣ አራተኛው 94። ባልደረባዬ ስልኩን አውጥቶ ጎግል አደረገ፤ ደህና ሞተር ከ100 እስከ 130 ይላል። "ጋሼ፣ አራቱም እኮ ወድቀዋል!" አለ፤ ፊቱ ጠቆረ። ሻጩም ዝም አለ።

ጋሼ ሳቀ። "ልጄ፣ ያ ቁጥር የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ነው።"

ትክክል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ ስለዚህ እዚህ የሚነበበው ቁጥር ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያንሳል። 95 ማለት እዚያ 120 አካባቢ ማለት ነው። ሦስቱ ሲሊንደሮች ጤነኞች ነበሩ። የሞተሩ ጉልበትም እንዲሁ ነው፤ ወረቀቱ 40 ፈረስ ቢልም እንጦጦ ዳገት ላይ ያን ያህል አታገኙም፣ ሞተሩ ግን አልታመመም። ካርቡራተሩ ለባሕር ወለል እንደተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት ይጠቁራል። ደረቅ ጥቁር የነዳጅ ነው፤ እርጥብና ቅባታማ ጥቁር የዘይት ነው። ይህን ሳይለዩ ደህናውን ሞተር ጥለው የሚሄዱ አሉ።

የታመመው ሦስተኛው ብቻ ነበር። ይህም ድንገተኛ አይደለም። ራይምሽፒስ የዘይት ማቀዝቀዣውን ያስቀመጠው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚወርደው አየር መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው የሚያገኘው አየር ያነሰና የሞቀ ነው፤ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ከሌሎቹ ቀድሞ ይቃጠላል። ፋብሪካው ይህን አውቆ በትላልቆቹ ሞተሮች ላይ ማቀዝቀዣውን ከአየሩ መንገድ ገለል ያደረገው ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ነው። ጋሼ የቫልቩን ክዳን ከፈተ። እንደ ሞተሩ ዘመን 0.10 ወይም 0.15 ሚሊሜትር መሆን ያለበት ክፍተት በሦስተኛው ላይ ጨርሶ የለም። አስተካክሎ እንደገና ለካው፤ ትንሽ ከፍ አለ እንጂ ጓደኞቹ ላይ አልደረሰም። ቫልቩ ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ወርዶ መሠራት አለበት።

አስቡት፤ በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ በአንድ የንድፍ ጠረጴዛ ላይ የተወሰነ ነገር፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ መኪና ውስጥ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ 60 የሚል ቁጥር ሆኖ ወጣ። እኔ ይህን ታሪክ ብዬ ነው የምጠራው። ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውም እዚያው ነው ትዝ ያለኝ። የጀርመን ሞተር፣ በጣሊያን ቃል፣ በሐበሻ እጅ ሲመረመር።

ሻጩ መጀመሪያ ተከራከረ። በኋላ ቁጥሮቹን ራሱ ቆሞ ስላየ ብዙ አልገፋበትም፤ የቴስታታው ማሠሪያ ከዋጋው ተቀነሰ፣ ባልደረባዬ መኪናውን ገዛ። ሻጩ የዋሸ አይመስለኝም። እሱም ሲገዛ "አልተፈታም" ተብሎ ነው የገዛው፤ የሰማውን ነው የነገረን። ብዙ የቮልስ ገበያ የሚሄደው እንዲህ ነው፦ አንዱ ያመነውን ለሌላው እያሳለፈ፣ ማንም ክዳኑን ሳይከፍት።

ስለዚህ ቮልስ ልትገዙ ካሰባችሁ አራት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ ቀዝቃዛ ሞተር፣ የቮልስ መካኒክ፣ የኮምፕሬሽን መለኪያና ግማሽ ቀን። ከአራቱ የሚከብደው ግማሽ ቀኑ ነው፤ መኪናው ቆንጆ ነው፣ ሻጩ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው ይላችኋል። ይምጣ። እነዚያ 336,000 ሰዎች አንድም ቀን ያልተሰጣቸው ዕድል ከፊታችሁ ቆሟል። ክዳኑ ከኋላ ነው፤ ክፈቱት፣ ፑሊውን ሳቡት፣ ሦስተኛውን ለኩት፣ ከዚያ ክፈሉ።